ከማረፊያ እስከ ማረፊያ

በእኛ ሰፈር፣ ማለትም ከሾላ ገበያ በላይ በየካ ሚካኤል አካባቢ፣ ብስክሌት ሲባል ሰው የሚያስበው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትንንሽ ልጆች በሰዓት እየተከራዩ ጉልበታቸውን የሚልጡበት ነው፤ ሁለተኛው በቴሌቪዥን የሚታየው የውድድር ብስክሌት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በየቅዳሜው ማለዳ እየተነሣች ተራራ የምትወጣበት ሦስተኛ ዓይነት አለ ብል የሚስቅ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ከመስከረም ወር ጀምሮ ስሠራ የቆየሁት ይኸንኑ ስለሆነ፣ መንገዱ በጥቂት በጥቂቱ እየረዘመ የሄደበትን ሁኔታ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለመጻፍ አሰብሁ።

አገራችን በሩጫ እንጂ በብስክሌት ስም የላትም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በሜልቦርን ውድድር፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ሲሰለፍ በዚያ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሷል። ውድድሩን ትተን ስለ ኑሮ ብንናገር፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የሄደ ሰው ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ ያያል። ይሁን እንጂ እነዚያ ከተሞች ሜዳ ናቸው። የእኛ የካ ግን ከበር ወጥቶ ሁለት መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ዳገት የሚጀምርበት አገር ነው፤ ከዳገቱም በላይ ሌላ ዳገት አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እንጦጦ አለ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ይደርሳል። የፊዚክስ መምህራችን እንዳስረዱን፣ በከተማው ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 70 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ዳገቱ እግርን ብቻ ሳይሆን ትንፋሽንም ያስከፍላል። ታላላቆቹ ሯጮቻችን ወደዚያ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ እኔ የምወጣው ግን በጥሩ አየር ሮጦ ለማሸነፍ አይደለም።

ብስክሌቴ አሮጌ ናት። አባቴ ከአንድ ጎረቤት የገዙልኝ ሲሆን፣ በፊት 3 በኋላ 7 ማርሽ አላት፤ ክብደቷ 15 ኪሎ ነው። (እግረ መንገዴን ልናገርና፣ የአካላቷ ስም ሁሉ የጣሊያን ርዝራዥ ነው፤ ጎማው፣ ካላማደሪያው፣ ራጂው፣ ፓራፋንጎው፣ ፍሬኑ፣ ፖምፓው። ቀለበቱን እንኳ እኛው ሳንሰይመው ቀርተናል ብዬ ከጎሚስታው ጋር ተከራክሬ፣ እርሱ፣ «ስሙን ትተሽ ንፋሱን አስሞዪ» አለኝ።) እናቴ የሰጡኝ ፈቃድ አንድ ግዴታ ነበረበት፤ ይኸውም ብቻዬን እንዳልሄድ ነው። በዚህ ምክንያት ታናሽ ወንድሜ ማርሽ የሌላት ብስክሌት እየተከራየ ይከተለኝ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች በአዲሱ ጎዳና ላይ ነበሩ። ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሲሠራ ለብስክሌት የተለየ መስመር ስለ ተሰጠው፣ ከቤታችን እስከ መገናኛ ሄደን መመለስ እንደ ጨዋታ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ወንድሜ፣ «ዛሬ እስከ ተራራው ጫፍ ሳንወጣ አንመለስም» ብሎ ፎከረና ዳገቱን በሩጫ ገባበት። ሩቅ ሳይሄድ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቁርሱን መለሰ። የቀረውን ቀን ሁለቱንም ብስክሌት እየገፋሁ ያወረድሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን የቤቱ ክርክር ተነሣ። አባቴ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጋር በተያያዘ ነገር ሁሉ ቁጥር በቃላቸው ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ እንደ ነበሩ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙታል። «ከመቶ ሰው ሦስቱ ብቻ በሚያልፉበት በር አንቺ በብስክሌት ልትገቢ ነው?» አሉኝ። ብስክሌቷ ተሸጣ ገንዘቡ ለማጠናከሪያ ትምህርት እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ። ገዥም ተገኝቶ ነበር። ይኸን ነገር በቀላሉ አልጻፍሁትም፤ የአባቴን ሥጋት አውቀዋለሁና፣ እርሳቸውም ያን ቁጥር የሚደግሙት እኔን ለማስፈራራት ሳይሆን ራሳቸው እየፈሩ ነው።

ክርክሩን የፈቱት አያቴ ናቸው። የፈቱት ግን እኔን በመደገፍ አልነበረም። እማማ (በቤታችን አያቴን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ከወጣትነታቸው ጀምሮ ብዙ ዘመን ከዚሁ ተራራ እንጨትና ቅጠል እየለቀሙ በጀርባቸው አውርደው በመሸጥ እናቴንና እህት ወንድሞቿን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዛሬ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው ከአልጋ እስከ ደጃፍ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ስለዚያ ዘመን በቤት ውስጥ አይወራም፤ ስንጠይቃቸውም «አለፈ» ብለው ዝም ይላሉ። በዚያ ምሽት ግን አባቴ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ እማማ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ባዶ እጅሽን ወጥተሽ ባዶ እጅሽን ትወርጃለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፣ እማማ» አልኋቸው። ረጅም ሳቅ ሳቁ። ቀጥለውም፣ «የት የት ታርፊያለሽ?» አሉኝ።

እኔ ሲደክመኝ ነው የማርፈው አልኋቸው። «እንደሱ አይደለም» አሉ። ከዚያም ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ የተራራውን መንገድ ሳሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች በመንገድ ላይ ሸክማቸውን መሬት አያወርዱም። ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ እስር አንድ ጊዜ ከወረደ አንሥቶ የሚያሸክም ሰው ያስፈልጋልና፣ ቆመው ሸክሙን ከኋላ የሚያስደግፉበት በወገብ ልክ ያለ ድንጋይ ወይም የጉድባ ጫፍ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ስፍራ ማረፊያ ይሉታል። እማማና ጓደኞቻቸው በእኛ በኩል ባለው መንገድ ለእያንዳንዱ ማረፊያ ስም አውጥተውለት ነበር። የመጀመሪያው ድንጋዩ፣ ሁለተኛው ጉድባው፣ ሦስተኛው ጥዱ፣ አራተኛው እፎይታ ይባላል፤ ከዚያም በላይ አሉ። ሕጋቸው ደግሞ አንድ ነበር፤ ባይደክምሽም በማረፊያው ቁሚ፤ የሚቀጥለው ማረፊያ የት እንዳለ ሳታውቂ ከማረፊያ አትነሺ። አዲስ የመጣች ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከድንጋዩ አታልፍም ነበር ይባላል። «ጉልበት ተበድሮ የሚወጣ ሰው በመውረጃው ይከፍላል፤ እኔን አታይም?» አሉና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

አባቴ ይኸን ሁሉ ሲሰሙ ዝም ብለው ነበር። በመጨረሻ፣ «የመንፈቁ ውጤትሽ ካልቀነሰ ቅዳሜ ጠዋት ያንቺ ነው፤ ከቀነሰ ግን ገዥው አልሞተም» አሉ። ውጤቴ አልቀነሰም።

እንግዲህ ከጥቅምት ጀምሮ የሠራሁበት ሥርዓት የስፖርት መምህር የሰጠኝ ሳይሆን የእንጨት ተሸካሚዎች ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ድንጋዩ ወጥተን ተመለስን። ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ ያፍራል እንጂ አያደክምም። ያም ሆኖ ሁለት ቅዳሜ ከእርሱ አላለፍንም። በሦስተኛው ጉድባው ደረስን። አንድ ማረፊያ ስንጨምር በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ እንደግመዋለን፤ በየአራተኛው ቅዳሜ ደግሞ ወደ ድንጋዩ ብቻ ወጥተን እንመለሳለን። ወንድሜ ይኸን የመመለስ ቀን «የዱባ ቀን» ብሎ ሰየመው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላስረዳኝም። በዐቢይ ጾም ቁርስ ስለሌለ መንገዱን በግማሽ አሳጠርነው። እንዲህ እያሳጠሩና እየደገሙ መሄድ መዘግየት ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቅምት ድንጋዩ ላይ ስደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ የነበርሁት ልጅ፣ በጥር ወር እዚያው ስደርስ ከወንድሜ ጋር እያወራሁ ነበር።

በየሳምንቱ ስመለስ እማማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ጥዱ አለ?» ብለው ጠየቁኝ አንድ ቀን። ጥዱ የለም፤ ጉቶው ነው ያለው፤ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። ነገርኋቸው። «በእሱ ሥር ነበር ዘበኞቹ የሚጠብቁን» አሉ። የደን ዘበኞች እንጨቱን ከነገመዱ ይቀሟቸው ነበር። እንጨቱ ይተካል፤ ገመዱ ግን የጠፍር ስለ ነበረ የሳምንት ገቢ ያህል ዋጋ ነበረው። ይኸን ያህል ዘመን «አለፈ» ሲሉ የኖሩትን፣ እኔ የማረፊያ ወሬ ይዤላቸው በመጣሁ ቁጥር አንድ አንድ እያሉ ያወጡት ጀመር። እናቴ እንኳ የማያውቁት ብዙ ነገር ነበረበት። እናቴ ምግብ እየሠሩ ከማድ ቤት ሆነው ያዳምጡ ነበር።

ዛሬም መንገዱ ባዶ አይደለም። ሴቶቹ በማለዳ ይወጣሉ፤ እኛ ስንወጣ እነርሱ ይወርዳሉ። በታኅሣሥ ወር እፎይታ ከተባለው ማረፊያ ላይ በዕድሜ ከእኔ የማትበልጥ ልጅ ሸክሟን ድንጋይ አስደግፋ ቆማ አገኘኋት። ስፍራው የማን እንደሆነ አውቄ ነበርና ብስክሌቴን ወደ ዳር አደረግሁ። ከላይ እስከ ታች አየቻትና ዋጋዋን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ከዚያም እጇን ወደ ፍሬኑ ዘርግታ ጨበጥ ለቀቅ አደረገችና፣ «ለእኔ ሌላው ይቅር፤ ይችን ብቻ ብትሰጪኝ ይበቃኛል» አለች። ወንድሜ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እርሷም ሳቀች። እኔ የገባኝ ወደ ቤት ስንወርድ፣ ከፊታችን አጎንብሳ በተረከዟ እየገታች በዚያ ቁልቁለት ስትወርድ ሳያት ነው። ስሟን ነግራኛለች፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው እንገናኛለን፤ በሶዬን ተካፍለን እናውቃለን።

በሶን ካነሣሁ ዘንድ ስለ ስንቅ ጥቂት ልናገር። በፊዚክስ ትምህርት ሥራ ማለት ክብደትን በከፍታ ማባዛት እንደሆነ ተምረናል። እኔ 50 ኪሎ ብስክሌቷ 15 ኪሎ፣ በድምሩ 65 ኪሎ ነን። ይኸን 500 ሜትር ከፍ ለማድረግ 318,500 ጁል ያስፈልጋል፤ በካሎሪ 76 ያህል ማለት ነው። ሰውነታችን ግን ከሚበላው ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ወጪው 300 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። መቶ ግራም የገብስ ዱቄት 350 ካሎሪ ያህል አለው። እነሆ አንድ ኩባያ በሶ በውኃ ተበጥብጦ እንጦጦን ያስወጣል! ይኸን ስሌት ለእማማ አነበብሁላቸው። እማማም፣ «እኛ በአንድ ስኒ ቡናና በትናንት እንጀራ ነበር የምንወጣው፤ የቀረውን ከየት ነው ያመጣነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፊዚክስ ለዚህ መልስ አለው፤ ሰውነት ስንቅ ሲያጣ ራሱን ይበላል። አልነገርኋቸውም።

ስለ መንገዱም እንዲሁ ለሚከተለኝ ሰው የሚጠቅም ነገር አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በደረቅ ጊዜም ያንሸራትታል። ልጡ ከሁሉ ይከፋል፤ ከግንዱ እየተላጠ እንደ ገመድ በመንገዱ ላይ ስለሚጋደም ካቴናው ውስጥ ገብቶ ማርሹን ያንቃል፤ ስለዚህ ቢላዋ ወይም መቀስ መያዝ ይገባል። በቁልቁለት ፍሬንን እንደ ያዙ መውረድ የፍሬኑን ጎማ ያቃጥለዋል፤ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ፣ ወገብን ወደ ኋላ እየሳቡ መውረድ ነው። ውሻ ሲመጣ ከብስክሌት ወርዶ ብስክሌቷን በመካከል ማድረግ እንጂ መሸሽ አያዋጣም። ፀሐይ ሳይወጣ መሄድ ደግሞ አይገባም፤ በተራራው ጅብ አለ። የሰው አፍን በሚመለከት፣ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትታይ ሰው የሚለው አያጣም፤ በመጀመሪያው ወር የሰማሁትን ሁሉ ቆጥሬ ነበር፤ በሁለተኛው ወር መቁጠሩን ተውሁት። አሁን ከሱቁ ደጃፍ የሚቀመጡት ሽማግሌ «ዛሬ እስከ የት ነው?» ብቻ ይሉኛል።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ ዋሻ ሚካኤል ደረስን። ይኸ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ጣራው የፈረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከከተማችን ይህን ያህል ቀርቦ ሳለ ስንቶቻችን እንዳየነው እንጃ። በአብርሃ ወአጽብሃ ዘመን እንደ ተፈለፈለ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ዘመኑን ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ላሊበላን ለማየት የሚመኝ የክፍል ጓደኛ ሁሉ መጀመሪያ ወደዚህ ይምጣ እላለሁ። እማማ እዚያ ድረስ በመሄዴ አልተደነቁም። «ዋሻው ጋ ያለው ማረፊያ ምቹ ነው» ብቻ አሉ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ግን የጠየቁኝ ነገር ነበረ። ከእንጦጦ ማርያም ጠበል እንዳመጣላቸው ፈለጉ። ጉልበታቸው ከታሰረ ጀምሮ ወደዚያ አልወጡም። እናቴ «በታክሲ ሄጄ አመጣለሁ» አሉ። እማማ፣ «እሷ ታምጣው» አሉ። አባቴ ያን ቀን ጠዋት ሳይጠየቁ የኋላውን ጎማ ራሳቸው ነፉልኝ።

መንገዱ ደርሶ መልስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀበና አድርጎ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ። እስከዚያ ድረስ ያለው በቀላሉ ያልፋል። ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆች በላይ ግን አስፋልቱ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ከስድስት ኪሎ እስከ ማርያም ባሉት ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። በዚህኛው መንገድ የእማማን ማረፊያዎች ስለማላውቅ የራሴን አወጣሁ፤ መታጠፊያውን፣ የውኃ ሮቶ ያለበትን፣ በቆሎ ጠባሿን። በእያንዳንዳቸው ባይደክመኝም ቆምሁ። ሦስት ጊዜ ወርጄ ገፍቻለሁ። በሁለቱም በኩል የቆመው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እርሱ ባይመጣ ኖሮ ዋና ከተማው በማገዶ እጥረት ምክንያት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተጀምሮ ነበር። ከተማችን በስፍራዋ የቀረችው ዛፉ ስለ በቀለ ነው ይባላል፤ ዛፉን ተሸክመው ከተማይቱ ምድጃ ድረስ ያወረዱት እነማን እንደሆኑ በመጽሐፋችን ውስጥ አላገኘሁም።

ማርያም በ1882 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የነገሡባት ናት። ጫማዬን አውልቄ ተሳለምሁ፤ ሁለት ሊትር ጠበል በፕላስቲክ ዕቃ ቀድቼ ከኋላዬ ባለው መጫኛ ላይ በገመድ አሰርሁ። ወንድሜ የተከራያት ብስክሌት ካቴና ተበጥሶ ስለ ነበር፣ እርሱ በቁልቁለቱ ዝም ብሎ ተንከባለለ፤ እኔ ግን ሁለት ሊትር እንኳ ሲጫን ብስክሌቷ ወደ ፊት የምትገፋ መሆኗን አይቼ በቀስታ ወረድሁ።

እማማ ጠበሉን አማትበው ጠጡ፤ የቀረውን ጉልበታቸውን አሹበት። ከዚያም የት የት እንዳረፍሁ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። በቆሎ ጠባሿን ወደዷት። ቀጥለውም ከማርያም በተራራው ጫፍ ለጫፍ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወስድ የእግር መንገድ እንዳለና እርሳቸው በልጅነታቸው እንደ ሄዱበት ነገሩኝ። ሰባት ማረፊያ አለው። ስማቸውን በሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍሁ።

አሁን ብስክሌቷ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅላለች፤ ፈተናው እስኪያልቅ እንዳትወርድ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል። ፈተናው ሲያልቅ ክረምት ስለሚገባ የተራራው ጭቃ እስከ መስከረም አያስኬድም። በመስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰባቱ እስከ ሁለተኛዋ ማረፊያ ሄጄ እመለሳለሁ።